ሹፌሩን ማን ያወራዋል?

ሐኪሙ የተናገረው በቀስታ ነበር። አፍናንን ያስፈራት ቀስታው ነው።

"የግራውን ዓይን እንደሌለ ቁጠሩት፤ እሱ ከጠፋ ቆይቷል" አለ፣ ትንሿን መብራት እያጠፋ። "አሁን ያለን የቀኙ ነው። ከዓይኑ ውስጥ ያለው ስስ ሽፋን ከግድግዳው መላቀቅ ጀምሯል። በዳር በኩል ብቻ ነው የተንጠለጠለው። አዲስ አበባ ሄዶ ቶሎ መሠራት አለበት። እስከዚያ አባትሽ ጭንቅላታቸውን እንዳይመቱ። እንዳይወድቁ። ብዙ እንዳይናወጡ።"

"በመኪና ቀስ ብለን ብንሄድስ?" አለች አፍናን።

"በየትኛው መንገድ?" አለ ሐኪሙ።

አባቷ ሙሄዲን ጥቁር መነጽሩን አድርጎ ተቀምጦ ነበር። ከቴፒና ከሚዛን ቡና እየጫነ በዚያ መንገድ ሲመላለስ ነው ያረጀው። "እውነቱን ነው" አለ በመጨረሻ። "ያ መንገድ እንኳን የተንጠለጠለ ዓይን፣ የታሰረ ጎማም ያወርዳል።"

"እንግዲያው በአውሮፕላን" አለ ሐኪሙ።

አፍናን እጆቿን ከጠረጴዛው በታች ደበቀቻቸው።

የምትሠራው ሚዛን ተፈሪ፣ ከገበያው ከፍ ብላ ባለች ጠባብ የአውሮፕላን ትኬት መሸጫ ነው። ከሥራ በኋላ "ቀበቶ" የሚባል የቴሌግራም ቻናል አላት። የትኛው በረራ እንደዘገየ፣ የትኛው በጉም እንደተሰረዘ፣ ለተደጋጋሚ መንገደኛ የሚሰጠው የማይል ነጥብ እንዴት እንደሚጠራቀምና መቼ እንደሚቃጠል፣ የብር ካርድ ያለው ምን እንደሚያገኝ፣ የወርቅ ካርድ ያለው ምን እንደሚጨመርለት ትጽፍበታለች። ስለ መንገደኛ ሥነ ምግባርም ትጽፋለች፤ ሁልጊዜ በአጭሩ።

"ከመሐል የተቀመጠ ሰው ሁለቱም የክንድ መደገፊያዎች የእሱ ናቸው። የሚበቃውን ተቀጥቷል።"

"አውሮፕላኑ ሲያርፍ አታጨብጭቡ። አብራሪው አይሰማችሁም።"

"ሲናወጥ የአስተናጋጇን ፊት እዩ። እሷ እስክትደነግጥ አትደንግጡ።"

"ሰማይ ላይ ኮረኮንች የለም።"

ሚዛን ያሉ ነጋዴዎች ያነቡላታል። በባጃጅ ሲያልፉ "ፓይለቷ!" ብለው ይጠሯታል። አፍናን ግን አውሮፕላን ላይ ወጥታ አታውቅም። ማንም ስላልጠየቃት አልዋሸችም። አንዴ ከመሥሪያ ቤቷ ነፃ ትኬት ደርሷት ነበር፤ በዕለቱ ሆዷን ታመመች። የእውነት ታመመች። በሌላ ዓመትም ደረሳት፤ ያኔም ሆዷ ቀኑን አልረሳም።

የአባቷን ትኬት የሰጠው ቡና ላኪው ወልደጻድቅ ነው። ዱባይና ጂዳ እየተመላለሰ የወርቅ ካርድ ያወጣ ሰው ነው። የትኬት መሸጫዋ በር ላይ ቆሞ ስልኩን ዘረጋላት።

"ከነጥቤ ላይ ለሁለታችሁ ቁረጪ። በዓመቱ መጨረሻ ሊቃጠል ነው እያልሽ ስታስፈራሪኝ አልነበር?"

"ጋሼ፣ ይሄ እኮ ብዙ ነው።"

"አባትሽ ዕድሜውን ሙሉ ቡናዬን ጭኗል። አሁን ተራው የኔ ነው፤ እኔ ልጫነው።" ሳቀና ጨመረ፦ "እኔም በዚያው በረራ አለሁ። አንቺ ካለሽ ደግሞ ምን እንፈራለን?"

ለሁለት ሰው ቆረጠች። የራሷን ስም ስትጽፍ ጣቷ ሁለት ጊዜ ተሳሳተ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ በየማለዳው አባቷ ፊት ትቀመጣለች። መነጽሩን ያወልቃል። ጥቁሩ ነገር ከታች ወደ ላይ ነው የሚመጣው፤ ውኃ ጎድጓዳ ቦታን ሲሞላ እንደሚመጣው።

"ዛሬ የት ደረሰ?"

"ትከሻሽ የለም። አንገትሽ አለ።"

በሚነሱበት ጠዋትም አንገቷ እንዳለ ነበር።

* * *

አውሮፕላን ማረፊያው ከዝናቡ በኋላ የረጠበ ሣር ይሸታል። ከሸኮ ተራራዎች በኩል ጉም ወጥቶ በሜዳው ጫፍ ላይ ቆሟል። አፍናን የጉሙን ከፍታ በዓይኗ ለካች። ስለ ጉም ብዙ ጽፋለች። በውስጡ መግባት ምን እንደሚመስል ግን አንድም መስመር አልጻፈችም።

"የወርቅ ካርድ ያላቸው መንገደኞች ቀድመው እንዲገቡ" ሲባል ወልደጻድቅ ኮቱን አስተካክሎ ተነሳ።

"የት ነው ጥሎን የሚሄደው?" አለ ሙሄዲን።

"ካርድ ያለው ቀድሞ ይገባል፣ አባ።"

"ቀድሞ ቢገባ ቀድሞ ይደርሳል?"

"አይደርስም።"

"ታዲያ ካርዱ ምን ይሠራል?"

ወልደጻድቅ ዞር ብሎ "መቀመጫው ከፊት ነው፣ ሙሄ! ጋቢና ማለት ነው!" አለና እየሳቀ ሄደ።

የእነሱ ወንበር ከክንፉ ኋላ ነበር። አፍናን አባቷን ከመተላለፊያው በኩል አስቀመጠችው፤ እግሩን እንዲዘረጋ ብላ ነው። ቀበቶውን አሰረችለት። ማሰሩን የምታውቀው ከሥዕል ነው፤ ብረቱ ቀጭ ሲል እሷው ደነገጠች። እሷ መስኮቱ ጋ ተቀመጠች። ክንፉ ላይ ያለው ፕሮፔለር መዞር ጀመረ፤ ቅጠሎቹ ተለይተው ታዩ፣ ከዚያ ጠፉ፣ ከዚያ ግራጫ ክብ ብቻ ቀረ።

"ቢስሚላህ" አለ አባቷ። ቀኝ እግሩ ወለሉን ረገጠ። ፍሬን ይፈልጋል።

መሬቱ ለቀቃቸው። ቆርቆሮ ጣሪያዎች፣ የቡና ጥላ ዛፎች፣ ቀይ መንገድ አየች። ከዚያ ነጭ ሆነ። መስኮቱ ላይ ከውኃ ጠብታ በስተቀር የሚታይ ነገር ጠፋ። ትንፋሿ አጭር ሆነ። አባቷ እንዳይሰማት በአፍንጫዋ ብቻ ተነፈሰች።

"አፍናን።"

"አቤት፣ አባ።"

"ሹፌሩን ማን ያወራዋል?"

"ምን?"

"ሹፌሩን። አጠገቡ ማን አለ?"

ጥያቄው ለሌላ ሰው ቀልድ ይመስል ይሆናል። አፍናን ግን ገባት። ከቴፒ ቡና ጭኖ አመሻሽ ላይ የሚነሳ ከባድ መኪና ውስጥ፣ ሹፌሩ አጠገብ የሚቀመጠው ሰው ሥራው ማውራት ነው። ዝም ካለ ሹፌሩ ያንቀላፋል። ሹፌሩ ካንቀላፋ ከታች የጎጀብ ወንዝ አለ። በጎጀብ ቁልቁለት ስንቱ ከነጭነቱ እንደገባ አባቷ በስም እየጠራ ይነግራት ነበር።

ልጅ ሳለች ትምህርት ቤት ሲዘጋ እሱን የምታወራው እሷ ነበረች። ዓይነ አፋር ልጅ ነበረች፤ ተረት አታውቅም፣ መዝፈን ታፍራለች። ስለዚህ ያየችውን ትጠራ ነበር። "ድልድይ። ሁለት በግ። ልብስ ያሰጣች ሴት። የሻይ ማሳ።" ስታቆም አባቷ "ቀጥይ" ይላል። ትቀጥላለች። አድጋ አብራው መጓዝ እስክታቆም ድረስ በመካከላቸው ረጅሙ ወሬ ይኸው ነበር።

"አታስብ፣ አባ" አለችው አሁን። "እነሱ አይተኙም።"

"ሹፌር ሁሉ አልተኛም ነው የሚለው።"

* * *

መጀመሪያ ትንሽ ነበር፤ መኪና የድልድይ መጋጠሚያ ሲያልፍ የሚሰማ ዓይነት። ከዚያ አውሮፕላኑ ወደ ጎን ተገፋ። የቀበቶው ምልክት በራ። ከኋላ አንድ ሕፃን አለቀሰ።

"ምንድን ነው?" አለ ሙሄዲን።

"አየሩ ነው።"

"ሰማይ ላይ ኮረኮንች የለም ብለሽ አልነበር?"

በድንገት ወለሉ ከሥራቸው ወረደ። ሰው ሁሉ በአንድ ድምፅ "እ!" አለ። አፍናን ሁለቱንም እጆቿን በአባቷ ራስ ዙሪያ አደረገች፤ እንቁላል እንደምትይዝ። በዳር በኩል ብቻ ነው የተንጠለጠለው። እንዳይናወጡ። ከሚዛን መንገድ አውጥታ እዚህ ያመጣችው እሷ ናት። ሌላ መንገድ የለም ያለው ሐኪሙ ቢሆንም፣ ሰማይ ላይ ኮረኮንች የለም ያለችው እሷ ናት።

የአስተናጋጇን ፊት እዩ። አፍናን አንገቷን አውጥታ አየች። ማራናታ የምትባለዋ አስተናጋጅ ከፊት፣ ፊቷን ወደ መንገደኞቹ አዙራ፣ በትከሻና በወገብ ቀበቶ ታስራ ተቀምጣለች። ሲገቡ ስሟን ከደረቷ ላይ አንብባ ነበር። ዓይኖቿ ተጨፍነዋል። ከንፈሮቿ ይንቀሳቀሳሉ።

አፍናን ቶሎ ፊቷን መለሰች። ባላየሁ አለች።

በዚህ መሐል የሞተሩ ድምፅ ተለወጠ። ቀነሰ።

አባቷ ቀና አለ። ከእሷ እጅ ውስጥ ራሱን አወጣ። ዓይኑ ቢደክምም ጆሮው የሹፌር ጆሮ ነው።

"ሰማሽ?"

"ምን?"

"እግሩን ከነዳጁ ላይ አነሳ።" ድምፁ ውስጥ ሰምታው የማታውቀው ነገር ነበር። አባቷ ፈርቷል። "ሹፌር እንዲህ የሚያደርገው ሲያሸልበው ነው። ተኝቷል፣ አፍናን። ተኝቷል!"

የቀበቶው ብረት ቀጭ አለ። እሷ ክንዱን ከመያዟ በፊት ተነስቷል።

"አባ! ተቀመጥ!"

አልሰማም። ወይም ሰምቶ አልተቀበለም። የወንበር ጫፎች እየዳበሰ ወደ ፊት መራመድ ጀመረ፤ ወደ አብራሪዎቹ በር። ማራናታ ዓይኗን ገለጠች።

"አባት፣ ይቀመጡ! ባሉበት ይቀመጡ!"

"ልጄ፣ ክፈቺልኝ፤ ላነቃው ነው!"

"ማንን?"

አውሮፕላኑ እንደገና ወደቀ። ሙሄዲን ተንሳፈፈ ማለት ይቻላል፤ እግሩ ወለሉን ለቀቀ፣ ትከሻው የአንድ ሰው ወንበር ላይ አረፈ፣ ግንባሩ ከላይ ካለው የሻንጣ መደርደሪያ ጠርዝ ጋር ለመገናኘት የቀረው አንድ ጣት ነበር። መነጽሩ ወድቆ ከወንበር ሥር ተንከባለለ። እሱ ግን ቀና ብሎ እንደገና ተራመደ።

አፍናን ቀበቶዋን ለመፍታት ሞከረች። ጣቶቿ ብረቱ ላይ አሉ፤ ግን አይታዘዙም። እግሮቿም አይታዘዙም። ተነሺ፣ ሂጂ፣ ያዢው አለች ለራሷ። አካሏ ከወንበሩ ጋር ተሰፍቷል። የሚቀጥለው ውድቀት እስኪመጣ ስንት ትንፋሽ እንዳለ አታውቅም። ሲመጣ ግን አባቷ ቆሞ ያገኘዋል፤ ከዚያ ያ ስስ ሽፋን ይለቃል። ከዚያ በኋላ ፊቷ በሙሉ ጨለማ ውስጥ ይገባል፤ አንገቷም፣ አፏም፣ ዓይኗም።

ያላት አፏ ብቻ ነበር።

"ሸዋ ቤንች" አለች፤ ከሚዛን ሲወጣ በመንገዱ ላይ ያለችውን ከተማ።

ማንም አልሰማትም።

"ሸዋ ቤንችን አልፈናል፣ አባ!"

በሰው ፊት ጮክ ብላ ተናግራ አታውቅም። ሁሉም ዞር አለ። አባቷም ቆመ። ጀርባው እንዳለ ነው፤ አንገቱ ግን ወደ ድምፁ ዘንበል አለ።

"ሺሺንዳ። የማገዶ እንጨት የጫነ አህያ። ወደ ዳር ወጥቷል፣ መንገዱን ለቆልናል።"

"መንገዱስ?" አለ አባቷ። ጥያቄው ልማድ ነው፤ ከአፉ ያመለጠው ሳያስበው ነበር።

"እርጥብ ነው። ጭቃ ነው። ውሽውሽ። የሻይ ማሳው በቀኝ። ቅርጫት የተሸከሙ ሴቶች።"

"ፊት ለፊት የሚመጣ አለ?"

"የለም። ቦንጋ። የታክሲ ሰልፍ። አንድ ሰው ፍየል ይዞ ይሻገራል።" ድምጿ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ቃላቱ ግን ቦታቸውን ያውቃሉ። "ከቦንጋ ወጥተናል። አባ፣ አሁን ጎጀብ ነው።"

የአባቷ እጅ የያዘውን ወንበር ጠበቅ አደረገ።

"ጀመረ ቁልቁለቱ?"

"ጀመረ። ማርሽ ቀንስ። ቆሞ ጎጀብን የሚወርድ ሹፌር ግን አላውቅም! ተቀመጥ!"

ለአፍታ ምንም አልሆነም። ከዚያ ሙሄዲን እንደ ታዘዘ ሰው ጉልበቱን አጠፍ አደረገ፤ ወንበር ግን ከኋላው አልነበረም። ከፊተኛው ረድፍ አንድ ክንድ ተዘርግቶ ኮቱን ጨመደደው። ወልደጻድቅ ነበር። የራሱን ቀበቶ ፈትቶ ወደ መስኮቱ ተጠግቶ ቦታ ለቋል።

"ሙሄ፣ ጋቢናው እዚህ ነው። ግባ! ግባ እንጂ አንተ ሰውዬ!"

ጎትቶ አስቀመጠው። ቀበቶው ቀጭ ሲል አፍናን ከሩቅ ሰማችው።

ትልቁ ውድቀት የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። መብራቱ ብልጭ ብሎ ጠፍቶ በራ። የላይኛው መደርደሪያ ተከፈተና አንድ ሻንጣ መተላለፊያው ላይ ወደቀ፤ አባቷ ቆሞበት ከነበረው ቦታ። ሰዎች ጮኹ፤ አንዱ "ማርያም!" ሌላው "ያ አላህ!" አፍናን መጥራቷን አቆመች።

ከኋላዋ የሕፃኑ እናት ድምፅ መጣ፤ ቀጭን፣ የሚለምን።

"እህቴ፣ ቀጥይ።"

ቀጠለች። የጎጀብን ድልድይ ጠራች። ውኃው ሞልቶ ቡናማ መሆኑን ተናገረች። ሸቤ፣ በቆሎ የምትጠብስ ሴት። ጅማ፣ የመስጊዱ ሚናራ። ከመስኮቱ ውጭ ነጭ ብቻ ነበር፤ እሷ ግን በትዝታዋ መሬቱን ከሥራቸው ዘረጋችው፤ ቢወድቁም የሚወድቁበት ቦታ ስም እንዲኖረው። በየመሐሉ ከፊት የአባቷ ድምፅ ይመጣል፤ "ፍሬኑ ሞቋል?" "ገና ነው።" "ከኋላ የሚቀድም አለ?" "እንዳይቀድም ምልክት ሰጥተነዋል።" ወልደጻድቅ እንኳ አንዴ ጣልቃ ገባ፦ "ቡናዬ አልረጠበም ወይ?" ጥቂት ሰዎች ሳቁ፤ ሳቃቸው ልቅሶ ይመስል ነበር።

ግቤ ላይ ስትደርስ መንቀጥቀጡ ሳሳ። ወልቂጤ ላይ ነጩ ተቀደደና ከሥር እውነተኛ መሬት ታየ፤ የታረሰ፣ ጥቁር። አፍናን የምታየውን እንጂ የምታስታውሰውን መጥራት አላስፈለጋትም።

ጎማዎቹ መሬት ሲነኩ ከኋላ አንድ ሰው አጨበጨበ። ከዚያ ሌላው። አፍናን ወደ ጭኗ አየች። የራሷም እጆች እያጨበጨቡ ነበር።

* * *

መነጽሩን ከወንበር ሥር ፈልጋ ወደ ፊት ስትደርስ፣ ሙሄዲን በወልደጻድቅ ወንበር ላይ እንዳለ ማራናታን ይዟታል።

"አላስቸግርሽም፣ ልጄ። አንድ ነገር ብቻ። ሹፌሩን ማን ሲያወራው ነበር?"

የማራናታ ፊት ገና ወደ መልኩ አልተመለሰም። ልትቆጣው የተዘጋጀች ትመስል ነበር፤ ግን ተወችው።

"ሁለት ናቸው፣ አባቴ። እርስ በርሳቸው ያወራሉ።"

"ሁለት?"

"ሁለት። አንዱ ብቻውን አይሆንም።"

ሙሄዲን ፊቱን ወደ ልጁ አዞረ። "ይህን ሁሉ ስትጽፊ ይሄን አልጻፍሽም?"

"ሰው የሚጠይቀው አልመሰለኝም።"

"ሞተሩስ ለምን ቀነሰ?"

"ሲናወጥ ፍጥነት ይቀንሳሉ፣ አባ።"

"እንደ ኮረኮንች።"

"እንደ ኮረኮንች።"

ወልደጻድቅ ቦርሳውን እያወረደ "በሚቀጥለው ካርዱን ለሙሄ ነው የምሰጠው" አለ። "የሚዛን ፓይለት እሱ ነው ለካ።" ሲናገር ድምፁ ገና አልረጋም። ጀርባው ላይ ሸሚዙ በላብ ተጣብቋል።

መንገደኛው ሁሉ እስኪወርድ ጠበቁ። አፍናን አባቷ ፊት ተንበረከከች። መጠየቅ አልፈለገችም። ያለ መጠየቅ ግን አትችልም።

"አባ፣ እየኝ። የት ደረሰ?"

የቀኝ ዓይኑ ፊቷ ላይ ቀስ ብሎ ወረደ፤ ሹፌር የማያውቀውን መንገድ እንደሚያይ።

"አንገትሽ የለም" አለ።

አፍናን መነጽሩን በእጇ ጠረገችው።

"አገጭሽ ሊሄድ ነው። አፍሽ አለ። አፍንጫሽ አለ። ዓይንሽም አለ፤ ቀልቷል።" እጁን ዘርግቶ ጉንጯን ዳሰሰ። "ፈርተሽ ነበር?"

"አዎ፣ አባ። በጣም። እስካሁንም።"

"እኔም" አለ። መነጽሩን ተቀብሎ አደረገ። ወዲያው ግን አልተነሳም። ጉልበቱን በእጁ ያሻል። "ነገ ዓይኔን የሚሠራውን ሐኪምስ? እሱን ማን ያወራዋል?"

"ሁለት ይሆናሉ፣ ምናልባት።"

"ባይሆኑስ?"

"እኔን አያስገቡኝም፣ አባ።"

"በሩ ላይ ሁኚ። ከቴፒ ጀምሪ። ጆሮዬን እንደሆነ አይነኩትም።"

አንገቷን ነቀነቀች፤ ከዚያ አንገቷ ለእሱ እንደሌለ አስታወሰችና "እሺ" አለች። ክንዱን ይዛ ወደ በሩ መራችው። ቀዝቃዛ ነፋስ ገባ። እሷ አንድ ደረጃ ቀድማ ወርዳ ዞረች፤ ከወደቀ በእሷ ላይ እንዲወድቅ።

"ደረጃ" አለች። "ብረት ነው። እርጥብ።"

እግሩ ዳበሰ፣ አገኘ።

"ቢጫ ልብስ የለበሰ ሰው። ጃንጥላ የያዘች ሴት። ከሩቅ ሌላ አውሮፕላን፣ ነጭ።"

"ቀጥይ" አለ አባቷ።